47 ገቡ፣ 6 ዘለቁ፦ ስለ ኦንላይን ኮርሴ የጠየቅኩትና የተመለሰልኝ

ጥያቄውን አንድ የኦንላይን ግሩፕ ላይ የለጠፍኩት እሁድ ማታ ነው። ተናድጄ ነበር። ለዓመታት ፒችትሪ የሚባለውን የሂሳብ አያያዝ ሶፍትዌርና ኤክሴልን በማታ ክፍል ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ። (ኩባንያው የሶፍትዌሩን ስም ሴጅ 50 ካለው ቆይቷል፤ እኛ ግን ፒችትሪን አንለቅም።) ክፍሌ ሁሌም ሙሉ ነበር። ያንኑ ትምህርት ቀድቼ በቴሌግራም ብሰጠው ከሐዋሳም ከደሴም ተማሪ አገኛለሁ ብዬ አሰብኩ። አገኘሁም። 47 ሰው ከፍሎ ተመዘገበ። 22 ቪዲዮ ቀዳሁ፤ አንዱ 50 ደቂቃ ገደማ ነው። በአራተኛው ሳምንት የቤት ሥራ የላኩልኝ 6 ሰዎች ብቻ ናቸው።

ስለዚህ መነሻ ጽሑፌ አጭርና ቁጣ የበዛበት ነበር። የኛ ሰው ፊት ለፊት ቆመው ካልተቆጡት አይማርም፣ ኦንላይን ለኛ አልተፈጠረም ብዬ ደመደምኩ። ከታች ለይሉኝታ ያህል ጥፋቱ የኔ ከሆነ ንገሩኝ የምትል አንድ መስመር ጨመርኩ። ሰዉ ሌላውን ሁሉ ትቶ ያቺን መስመር ያዘ። መልሶቹን እንዳሉ ከምገለብጣቸው በራሴ አፍ ብተርካቸው ይሻላል። አንዳንዶቹ ይረዝማሉ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ እናቴ ፊት የሚነበቡ አይደሉም።

መልስ 1። የመጀመሪያዋ መላሽ ትሁት ነች። በመሞከሬ አመሰገነችኝና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች፦ አንዱ ቪዲዮ ስንት ሜጋባይት ነው? አይቼው አላውቅም ነበር። ከፍቼ ሳየው ወደ 400 ነው። 22ቱ ሲደመሩ 9 ጊጋ ሊሞሉ ትንሽ ነው የቀራቸው። እሷ የምትኖረው ከከተማ ወጣ ብላ ነው። ቪዲዮ የምታወርደው የሌሊት ጥቅል ገዝታ፣ ከእንቅልፏ ተነስታ፣ መብራት ካለ ነው። ተማሪው ለኔ ከከፈለው በላይ ለዳታ ስንት እንደሚያወጣ አስልቼ እንደማውቅ ጠየቀችኝ። አላሰላሁም። ቤቴ ዋይፋይ አለ።

መልስ 2 አንድ መስመር ነው። ከኔ ጋር ይስማማል፣ ተማሪው ሰነፍ ነው ባይ ነው። ወዲያው ላይክ አደረግኩለት። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

መልስ 3 ሁለታችንንም አረመን። ጻፊው ውጭ አገር የኮምፒውተር ትምህርት የተማረ ይመስላል። በ2011 እ.ኤ.አ. ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ኮርሱን ለዓለም በነፃ ሲከፍት ከ160 ሺህ በላይ ሰው እንደተመዘገበ፣ የጨረሰው ግን ከ20 ሺህ ትንሽ ከፍ የሚል እንደሆነ አስታወሰን። አብዛኞቹ መብራትም ኢንተርኔትም ያላቸው ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ ትምህርትን መሃል ላይ ማቋረጥን የሐበሻ አመል ማድረግ ትዝብት ላይ ይጥላል ነው ነገሩ። ስለ ቪዲዮ ርዝመትም ጨመረ። ኤድኤክስ በሚባለው የኦንላይን ኮርስ መድረክ ላይ በሚሊዮን የሚቆጠር የቪዲዮ እይታን የመረመሩ ሰዎች በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ቪዲዮው የቱንም ያህል ቢረዝም የመካከለኛው ተማሪ የማየት ጊዜ ከ6 ደቂቃ አላለፈም። የኔ 50 ነው።

መልስ 4 ደግሞ 3ን አረመ። ስታንፎርድ ነፃ ነበር፤ በነፃ የተመዘገበ ሰው ሲሄድ የሚያጣው ነገር የለም። የኔዎቹ ግን ከኪሳቸው ከፍለዋል። ከፍሎ የሄደ ሰው ደግሞ የሆነ ነገር አስመርሮት ነው። ይሄኛው ጨዋታው አልጣመኝም፣ ግን መልስ አጣሁለት።

መልስ 5 ላይ ውይይቱ ሞቀ። ጻፊው በ1997 ዓ.ም. 9ኛ ክፍል ነበር፤ ፕላዝማ ከገባባቸው የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አንዱ ማለት ነው። ያንን ዘመን የኖረ ሰው ሳይስቅ አያነበውም። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተቀርጾ በሳተላይት ይመጣል። የፕላዝማዋ መምህርት በእንግሊዝኛ ጥያቄ ትጠይቃለች። ጥቂት ሰከንድ ዝም ትላለች። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰባ ምናምን ልጅ ገና ጥያቄውን እየተረጎመ ነው። እሷ ግን መልሱን እንደሰማች ሁሉ ጎበዞች ብላ አመስግናቸው ታልፋለች። መብራት ከሄደ ያ ምዕራፍ ሄደ፤ ሲመለስ ቀጣዩ ላይ ናት። እጅ አውጥቶ መጠየቅ ለቴሌቪዥን እጅ ማውጣት ነው። ከዚህ ሁሉ ሳቅ በኋላ ነው ሰውዬው ወደኔ የዞረው። የኔ 22 ቪዲዮዎች ፕላዝማውን ከግድግዳ አውርደው ኪስ ውስጥ የከተቱት ናቸው አለ። ልዩነቱ የኔው አማርኛ መናገሩ ብቻ ነው።

መልስ 6 ከጡረተኛ የፊዚክስ መምህር የመጣ ነው። ተቆጥተዋል። ልጁ ከኋላ ወንበር ሆኖ ያየውን ነው የሚያወራው ይላሉ። በፕሮግራሙ ላይ ክፍል ውስጥ ያለው መምህር ከስርጭቱ በፊትም በኋላም ጥቂት ደቂቃ ነበረው፤ ትምህርቱን ማስተዋወቅና ያልገባውን ማስረዳት የሱ ሥራ ነበር። እሳቸው ደቂቃዋን እየቆጠሩ ይጠቀሙባት ነበር። ብዙ ባልደረቦቻቸው ግን ፕላዝማው ሥራችንን ወሰደብን ብለው አኩርፈው ከበር ቆሙ። ደግሞም ትምህርት ቤታቸው ቤተ ሙከራ አልነበረውም፤ ተማሪዎቻቸው አንዳንድ ሙከራ በዓይናቸው ያዩት በዚያ ስክሪን ነው። ክፋቱ መሣሪያው ላይ ሳይሆን ቆም ብሎ ተማሪውን ጠብቆ የሚያይ ሰው አለመኖሩ ላይ ነው ባይ ናቸው።

ይቺን የመጨረሻዋን ሐሳብ ሁለት ጊዜ አነበብኳት። ውይይቱ ግን አልቆመላትም። በመልስ 7 የፕላዝማው ልጅ ጋሼ ብሎ ይቅርታ ጠየቀና፣ ይቅርታውን ሳይጨርስ የትምህርት ቋንቋ ክርክር ከፈተ። ከዚያ ሁለት ቀን ሙሉ ስለኔ ኮርስ ያነሳ የለም። ተሰብሳቢ ሂሳብና ተከፋይ ሂሳብ እያልኩ ላስተምር ወይስ ሪሲቨብልና ፔየብል እያልኩ? አንዱ የሥራ ቃለ መጠይቁ በእንግሊዝኛ ነው አለ። ሌላው ሳይገባህ በፈረንጅ አፍ ብትሸመድድ ቃለ መጠይቁን አልፈህ ሥራው ላይ ትወድቃለህ ብሎ መለሰ። ቁጥር ያልሰጠኋቸው ብዙ አጫጭር ስድቦች እዚህ መሃል አሉ። አድሚኑ ሁለቱን አጠፋ።

መልስ 8። ነገሩን ወደ ቦታው የመለሰችው ሪያድ የምትሠራ እህት ናት። የቤት ሠራተኛ ነች። ሥራ የምትጨርሰው እኩለ ሌሊት ሲቃረብ ነው። ከዚያ በኋላ ዓይኗ ስክሪን አይችልም፤ ጆሮዋ ግን ይችላል። ስለዚህ ከኔ ዓይነት ኮርስ የምትፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ በድምፅ ብቻ የሚሄድ ማብራሪያ፣ በትንሽ ዳታ የሚከፈት የጽሑፍ ማጠቃለያ፣ ዓርብ ዕረፍቷ ቀን የምትሠራው አንድ ልምምድ። አገሯ ስትገባ ሱቅ ልትከፍት ነው፣ ለዚያ ነው የምትማረው። ከስሯ ሁለት ሰዎች አይዞሽ፣ ያሳዝናል ምናምን ብለው ሲጽፉ ቆጣ ብላ መለሰችላቸው። ሐዘኔታ ሳይሆን ፒዲኤፍ ነው የጠየቀችው።

እሷው ሌላም ነገር ነካች። ቅዳሜ ማታ 2 ሰዓት የቀጥታ ጥያቄና መልስ አለ ብዬ ማስታወቂያ ላይ ጽፌያለሁ። የማን 2 ሰዓት? ይሄኔ ዋሽንግተን የሚኖር አንድ ሰው ብቅ አለ፤ ለካ ከ47ቱ አንዱ ነው። በሱ አገር አቆጣጠር ከቀኑ 2 ሰዓት ላይ ቡናውን ይዞ ሲገባ እኛ ጋ ማታ 3 ሰዓት ሆኖ ክፍሉ ተበትኗል። ሁለት ቅዳሜ ሞከረና ተወው። እኔ ደግሞ ይሄ ሰውዬ አንድ ቀን እንኳ ክፍል አልገባም ብዬ መዝግቤዋለሁ።

መልስ 9 ከሁሉም የጠቀመኝ ነው፤ አነጋገሩ ግን ደረቅ ነው። ጻፊዋ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች። የምዕራፎቼን ዝርዝር አይታ አንድ ነገር ጠየቀች፦ ኮርሱ ባለቀ ማግስት ተማሪው ለብቻው ምን ይሠራል? እኔ ያስተማርኩት ሜኑ ነው። ፋይል፣ ከዚያ ሜይንቴይን፣ ከዚያ ታስክስ፣ ከዚያ ሪፖርትስ፤ ሶፍትዌሩ በተደረደረበት ቅደም ተከተል። ሥራ ቦታ ግን ማንም ሜኑ አያዝህም። የአንድ ወር ደረሰኝ በፌስታል ይሰጥሃል። ስለዚህ ከመጨረሻው ጀምር አለች። መጀመሪያ የመጨረሻውን ሥራ ጻፍ፦ የአንዲት የጽሕፈት መሣሪያ መደብር የአንድ ወር ግዢ፣ ሽያጭ፣ 15 በመቶ ቫት፣ የሦስት ሠራተኛ ደመወዝ፣ የባንክ ማስታረቂያ። ከዚያ ለዚህ የማያስፈልገውን ቪዲዮ ሁሉ ጣል። ሞከርኩት። ከ22ቱ 9ኙ ወደቁ። ስንት ሌሊት የቀዳኋቸው ነበሩ።

ከስሯ አንድ የሂሳብ ባለሙያ በመልስ 10 ሌላ ጉድ አወጣብኝ። የደመወዝ ግብር ቪዲዮዬ ከ600 ብር ጀምሮ ያስቀንሳል። አዋጁ በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ከተሻሻለ ወዲህ እስከ 2,000 ብር ከግብር ነፃ ነው። የጡረታው 7 እና 11 በመቶ ልክ ነው፣ የግብር ሰንጠረዡ ግን አርጅቷል። ክፍል ውስጥ ብሆን ሰሌዳው ላይ አጥፍቼ እጽፈው ነበር። እዚህ ግን ሰንጠረዡ የተቀበረው በ50 ደቂቃ ቪዲዮ 31ኛ ደቂቃ ላይ ነው። የሚለዋወጥ ቁጥር በቪዲዮ አይቀዳም፣ በጽሑፍ ለብቻው ይቀመጣል፤ የሰጠኝ ምክር ይህ ነው። በትህትና ነበር የጻፈው። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

መልስ 11 ስለ ማስታወስ ነው። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ያሳተሙትን ሙከራ ያነሳል። አንዱ ቡድን ጽሑፉን ደግሞ ደጋግሞ አነበበ። ሌላው አንብቦ፣ ዘግቶ፣ ያስታወሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ፤ ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ተማሪው ቪዲዮውን ሦስት ጊዜ ስላየው የገባው ይመስለዋል፣ አንተም ይመስልሃል ነው መልእክቱ። ከእያንዳንዱ ቪዲዮ በፊት ያለፈውን ሳያዩ የሚመልሱት ሦስት ጥያቄ አስቀምጥ አለኝ።

መልስ 12 ጎጃም ቅኔ ቤት ያደገ ሰው ነው። በፈረንጅ ጥናቱ ትንሽ ተሳለቀ። ቆሎ ተማሪ የቃል ትምህርቱን የሚያጠናው ሌሊት፣ መጽሐፍ በማይታይበት ጨለማ ነው። ቅኔውን ቀን ራሱ ይቆጥርና (ይደርስና) ቀርቦ ይናገራል፤ እዚያው ይታረማል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይቆጥራል። የኔታ ሁሉንም አይሰሙም፤ ከፍ ያለው ተማሪ አስነጋሪ ሆኖ ጀማሪውን ይሰማል። ከ6ቱ ጎበዝ ተማሪዎቼ ሁለቱን ለሚቀጥለው ዙር አስነጋሪ እንዳደርግ መከረኝ። ቃሉን ወደድኩት፤ አሁን ግሩፓችን ውስጥ አስነጋሪ ነው የምንላቸው።

መልስ 13 ይህን ሁሉ በአንድ ምራቅ ተፋው። ቅኔ ቤት ክፍያ የለም፣ ተማሪውም ዓመታት አለው፤ ይሄ ሰውዬ ግን ኪራይ አለበት ይላል። 47 ሰው አንድ በአንድ የሚያርም መምህር በዚህ ዋጋ ከሠራ ወይ ይከስራል ወይ ያብዳል። ባለጌ ነው፣ ግን ስሌቱ ልክ ነው። እስካሁንም ይሄ ጥያቄ አልተፈታልኝም።

14 እና 15 ስለ መኮረጅ ተጣሉ። አንደኛው ሁሉም በቻት ጂፒቲ ያሠራል፣ ኦንላይን ፈተና ቀልድ ነው አለ። ሁለተኛዋ ለእያንዳንዱ ተማሪ የተለያየ ቁጥር ያለው መደብር እንደምትሰጥ ጻፈች። ከዚያ የሁለት ደቂቃ ቮይስ ታስልካለች፦ ይቺን ሂሳብ ለምን ዴቢት አደረግኸው? ያልሠራው ሰው በሠላሳ ሰከንድ ይንተባተባል። በመልስ 16 አንዱ ይህ ኮርስ ሰርተፍኬት አለው ወይ ብሎ ጠየቀ። 17 ያለፈተና ሰርተፍኬት የሚሸጥ ሰው ስልክ ቁጥሩን ለጠፈ። አድሚኑ አጠፋው። ተመልሶ ለጠፈ።

መልስ 18። እዚህ ጋ ቆሜ ውሃ ጠጣሁ። ከሄዱት 41 ሰዎች አንዷ ናት። ፋርማሲ ነው የምትሠራው፣ ቅዳሜ ማታ ተረኛ ነች። እኔ የከፈትኩት ቻናል ነበር፤ ቻናል ላይ ተማሪ መጻፍ አይችልም። ሦስተኛው ሳምንት ላይ የባንክ ማስታረቂያዋ በ450 ብር አልገጥም አላት። በኢንቦክስ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። እያንዳንዱ ቀጣይ ትምህርት የሚሠራው በዚያው ፋይል ላይ ስለሆነ ያለዚያ ወደፊት መሄድ አትችልም። ዘጠኝ ቀን ጠበቀች። በአሥረኛው ቀን ሶፍትዌሩን አጠፋችው። ስድብ የለበትም፣ ምሬት እንኳ የለበትም፤ የጻፈችው እንደ ደረሰኝ ነው።

መጀመሪያ ተከራከርኩ። መልስ 19 የኔው ነው፤ መልእክቱ አልደረሰኝም አልኩ። ከዚያ ኢንቦክሴን ወደኋላ ስፈልግ አገኘሁት። አይቼዋለሁ፤ መልእክት ሲነበብ ቴሌግራም ለላኪው ሁለት ምልክት ስለሚያሳይ እሷም ማየቴን ታውቅ ነበር። ከፍቼ፣ ማታ እመልሳለሁ ብዬ፣ ረስቼዋለሁ። ጥፋቷ አንድ ደረሰኝ ሁለቴ መመዝገቧ ነበር። አራት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር። መልስ 20 ላይ ይቅርታ ጠየቅኩ። የፊዚክሱ መምህር ከስሬ ምንም ሳይጽፉ ቁጥር 6ን ብቻ አስቀመጡ፤ የራሳቸውን መልስ ማለታቸው ነው።

ከ21 እስከ 26 ያለውን ልዝለለው። ሁለቱ ይቅርታዬን አደነቁ፣ አንዱ የታይታ ነው አለ፣ ሦስቱ ስለ ላፕቶፕ ዋጋ ያወራሉ።

በመልስ 27 ምን እንደቀየርኩ ጻፍኩ። ቻናሉ ለማስታወቂያ ብቻ ቀረ፤ ትምህርቱ ግሩፕ ውስጥ ገባ። ቪዲዮዎቹ ከ8 ደቂቃ አይበልጡም፤ ስክሪኑ ብቻ ስለሚታይና ጥራቱን ዝቅ ስላደረግኩት አንዱ 20 ሜጋ እንኳ አይሞላም። የኔ ፊት ከመሃል ወጣ፤ ማንም አልናፈቀውም። ለእያንዳንዱ ትምህርት ድምፅና አንድ ገጽ ፒዲኤፍ አለ። ጥያቄ በአንድ ቀን ውስጥ ይመለሳል፤ እኔ ካልቻልኩ አስነጋሪዎቹ ይመልሳሉ፤ ለዚህም በነፃ ሳይሆን ትንሽ እከፍላቸዋለሁ። በአንድ ዙር ከ20 ሰው በላይ አልቀበልም። ዋጋው ጨመረ። በዚህ የተነሳ መልስ 28 ሌባ አለኝ፣ የመልስ 29 ጻፊ ደግሞ የመልስ 13ን ስሌት አንስታ ተከራከረችው።

አሁን አምስተኛው ሳምንት ላይ ነን። 19 ገብተዋል፣ 12 የቤት ሥራ እየላኩ ነው። የቀሩትን ሰባት ደውዬ ጠየቅኳቸው። ሁለቱ ሥራ አግኝተው ነው። አንዱ ስልኩ ተሰርቋል። አራቱ አያነሱም። የፋርማሲዋ ልጅ በነፃ ግቢ ብላት እምቢ አለች፤ ፋይሏን ብቻ ታርሞ እንዲላክላት ጠየቀች። ላክሁላት።

የመጨረሻው መልስ 31 ነው። አዲስ አባል ነው፣ ከላይ ያለውን አንድም ያነበበ አይመስልም። ሰርተፍኬት እንዳለውና የቀጥታው ክፍል በስንት ሰዓት እንደሆነ ይጠይቃል። ማታ 2 ሰዓት ብዬ ጻፍኩና አጠፋሁት። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚል ጨምሬ እንደገና ላክሁት። ወዲያው ከስሬ የሪያዷ እህት ገብታ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ለእሷ ከምሽቱ 8፣ ለዋሽንግተኑ ሰውዬ ደግሞ በበጋቸው ከቀኑ 1፣ በክረምታቸው 12 ሰዓት እንደሚሆን አስቀመጠችለት።